የጋሽ ይማም እንጉዳይ

የጋሽ ይማምን ሞት የሰማሁት ሥራ ቦታ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ነው። ባለቤቴ ሂሩት ደውላ፣ «ጋሽ ይማም አረፉ። ጀናዛው ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው አሉ፤ አስፈቅደህ ና» አለችኝ። ሰው ሞተ ሲባል ዕንባ ነው የሚቀድመው፤ እኔን ግን ሐፍረት ቀደመኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሂሩትም እንደኔው ሳትሆን አልቀረችም፤ የምትናገረውን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች። እኔም አልዘጋሁትም። የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ማንኛችንም አልተነፈስነውም።

ጋሽ ይማም ኦክላንድ ውስጥ እኛ በምንኖርበት አፓርትመንት፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወሎዬ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዛውንቶችን ከቤት ወደ ሐኪም ቤት የምታመላልስ ቫን ነድተዋል። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲራመዱ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፣ የፊት ጥርስ ጎድሏቸዋል። ሰላምታቸው ደግሞ አያልቅም። «እንዴት አደርክ፣ ሂሩት እንዴት አደረች፣ ልጆቹስ፣ ሥራስ እንዴት ነው፣ መኪናይቱስ ደህና ናት?» ይላሉ። መኪናዬን ሳይቀር! ሥራ ረፍዶብኝ እየሮጥኩ ስወርድ ደረጃው ላይ ድቅን ካሉብኝ፣ የዘመድ አዝማዱን ደህንነት አንድ በአንድ ሳልመሰክር አልላቀቅም።

ጫካውን ያገኙት በሥራቸው በኩል ነው። ቫናቸው ላይ ከሚሳፈሩት አንዷ ማሪያ የምትባል ግሪካዊት አሮጊት ነበረች። ከኦክላንድ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ቤት አላት፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ከሟች ባሏ የወረሰችው የጥድ ጫካ። ያደገችው ባሕር ዳር፣ እንደዚሁ ባለ ጥድ ሥር እንጉዳይና እንስላል ስትለቅም ነው። «የኛ አገርና የካሊፎርኒያ አየር አንድ ነው፤ በጋው ይደርቃል፣ ክረምቱ ይዘንባል፤ ጥዱም እንጉዳዩም የሚወደው ያንን ነው» ትላቸው ነበር። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጫካው የሚሄድበት ሰው አጣ። ጋሽ ይማም ሄዱበት። እሳቸው ለቅመው ያመጣሉ፤ እሷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ገልብጣ ታያለች፣ ታሸታለች፣ የማይሆነውን ወደ ጎን ትወረውራለች። እሷ ያላየችው እንጉዳይ ከዚያ ግቢ አይወጣም፤ ሕጋቸው ይኼ ነበር።

እኔም አንዳንድ ቀን አብሬያቸው ሄጃለሁ። ዝናብ ባባራ ማግስት ነው የሚሄዱት። ከባሕሩ የመጣው ጭጋግ ጥዶቹ ላይ ይያዝና ይንጠባጠባል፤ ከላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሥር አንተ ትበሰብሳለህ። መሬቱ እንደ መርፌ በቀጠነው የጥድ ቅጠል ተሸፍኖ ፍራሽ ፍራሽ ይላል። ሙጫው ይሸታል። ጋሽ ይማም እዚያ ሲገቡ ያ ሁሉ ሰላምታቸው ይጠፋና ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔ ወዲያ ወዲህ ስቅበዘበዝ አይተው፣ «ዓይንህን ተወው፣ ዓይን ይቸኩላል፤ በእግርህ ፈልግ» ይሉኛል። ቅጠሉ እብጥ ያለበትን ሲረግጡ ይቆማሉ። ይንበረከኩና ቢስሚላህ ብለው ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይገልጣሉ፣ የተኛ ሕፃን ፊት ላይ ብርድ ልብስ እንደሚገልጥ ሰው። ከሥሩ ቡናማ፣ ወፍራም እንጉዳይ። የመጀመሪያውን አይቆርጡትም፤ መልሰው ያለብሱታል።

«ይኼ የባለቤቱ ነው» አሉኝ አንዴ።

«ባለቤቱ ማነው? ማሪያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከኛ በፊት የመጣ አይጠፋም።»

እውነቱን ልናገር፣ ጫካውን ወድጄው ነበር፤ እዚያ መታየቱን ነው ያልወደድኩት። በአጥሩ ሥር ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የእግር መንገድ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ እኔ ጓንት አድርጌ፣ ተንበርክኬ እንስላል ስቆርጥ፣ ስፖርት ልብስ የለበሱ ባልና ሚስት አማርኛ እያወሩ መጡ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከጥዱ ጀርባ ገብቼ ስልክ የማወራ መሰልኩ። ጋሽ ይማም ደግሞ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ «ና እንጂ ልጄ፣ ያገርህ ሰዎች ናቸው!» ብለው አጋለጡኝ። ሴትዮዋ፣ «ምን ጠፍቷችሁ ነው ጋሼ?» አለች። «ምንም አልጠፋንም፤ እየለቀምን ነው» አሉና አንድ እቅፍ እንስላል በአጥሩ ላይ አሻገሩላት። ባልና ሚስቱ ተያዩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተቆጣኋቸው። «ሰው ምን ይላል ጋሽ ይማም? የሚበላ ያጣን እኮ ነው የምንመስለው።»

አልተቀየሙም። በመስኮቱ እያዩ፣ «ያጣ ሰው ሲለቅም አላየህም ማለት ነው» አሉ። «ያጣ ሰው እየሳቀ አይለቅምም ልጄ።» ከዚያ ወዲያ ስለዚያ አላነሱም፤ እኔም የመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ።

ጥፋታችን ታዲያ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። ዝናቡ ከጀመረበት እስኪያቆም፣ በየሳምንቱ የበራችን እጀታ ላይ አንድ የወረቀት ከረጢት ተንጠልጥሎ እናገኛለን። ከረጢቱ ውስጥ እንጉዳይ፣ አፈሩ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ትልቁ ከሥር ትንሹ ከላይ ተደርድሮ። ሂሩት እንጉዳይ አትበላም። ልጅ ሆና እናቷ በየሜዳው የሚበቅለውን እያሳየች፣ «ይኼ የጅብ ጥላ ነው፤ የነካው ይሞታል» እያለች ነው ያሳደገቻት። «ጅቡ ራሱ ቤቴ ድረስ ቢያመጣልኝ አልበላም» ትላለች። እኔም ብሆን ልቤ አልደፈረም። ግን ለአንድ ሽማግሌ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው የለቀሙትን፣ «አንበላም» ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል? መጣሉም ጡር አለው። ስለዚህ ሂሩት እዚሁ አጠገባችን አልባኒ ትንሽ የባልትና ሱቅ ላላት ጓደኛዋ ለዘይነባ ትሰጣታለች። ዘይነባም እያመሰገነች ትቀበላለች። እኛ ከጡሩም ከመርዙም ነፃ ወጣን ማለት ነው። ጋሽ ይማም ደረጃው ላይ ሲያገኙን፣ «እንዴት ነበረ?» ይላሉ። «እጅ ያስቆረጥማል!» እንላለን በአንድ አፍ። እሳቸውም አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከረጢቱ ሞላ ብሎ ይመጣል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ይማም ናቸው። ሰላም አላሉኝም። ያን ሳይ ነው ልቤ የከዳኝ።

«የሐሙሱን እንጉዳይ በላችሁት?» አሉ።

ሂሩት ከኋላዬ ሆና፣ እንደለመደባት፣ «በላነው እንጂ ጋሽዬ! እጅ ያስቆረጥማል!» አለች።

«ልጆቹም?»

«ልጆቹማ ድገሙን አሉ!»

ደማቸው ከፊታቸው ላይ ጥርግ ብሎ ሲሄድ አየሁት። የበሩን ጠርዝ ያዙ። «ጫማ አድርጉ» አሉ። «ልጆቹን አምጡ። ሆስፒታል እንሂድ። ገድያችኋለሁ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት ማሪያ ቤቷ አልነበረችም። እሳቸውም ሳይጨልምባቸው ለኛ ለማድረስ ብለው፣ ሳታየው ይዘውት ወረዱ። በስንት ጊዜ አንዴ። እሑድ ጠዋት ሲሄዱ ማሪያ ከአጥሯ ሥር የነቀለችውን አንድ ነጣ ያለ እንጉዳይ አሳየቻቸው። ይኼ ይገድላል፤ መጀመሪያ ሆድ ያማል፣ ከዚያ የዳንክ ይመስልሃል፣ ከዚያ ጉበትህን ይዞት ይሄዳል አለቻቸው። ጋሽ ይማም ሐሙስ ከለቀሙት መሐል አንዱ እሱን ይመስል ነበር። ይመስል ይሆን አይመስል እርግጠኛ አይደሉም። እርግጠኛ አለመሆናቸው ነው ያንን ኮረብታ ያስሮጣቸው።

ይኼን እየነገሩን ስልካቸውን አውጥተው ለአምቡላንስ ናይን ዋን ዋን ሊደውሉ ነው። እኔና ሂሩት ቆመናል። አፈር ያስበላኝ፣ ያን ሰዓት እንኳ ለመናገር አልቸኮልንም። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ ማቀዝቀዣውን አያለሁ። ማንኛችን እንናገር? የመጨረሻዋን ቁጥር ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው።

«ይተዉት ጋሽ ይማም» አለች ሂሩት። ድምፅዋ አይሰማም። «አልበላነውም።»

«አልበላነውም ማለት?»

«ለጓደኛዬ ሰጥቻታለሁ። ለዘይነባ።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አልሀምዱሊላህ» ብለው በሩ ሥር ቁጭ አሉ፤ ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ። ወዲያው ቀና ብለው፣ «ዘይነባ የት ናት?» አሉ።

ሂሩት ደወለችላት፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። «ዘይኑ፣ ያንን እንጉዳይ በላችሁት እንዴ?»

«በላነው እህቴ! ኧረ እንዴት ያለ ነው! አላህ ይስጥልኝ። ውይ፣ ሰው ገባብኝ፣ ኮል አደርግልሻለሁ» ብላ ዘጋችው። ደግመን ስንደውል አላነሳችም።

እኔና ሂሩት ተያየን። ያ «እንዴት ያለ ነው» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እውነት በልታው ቢሆንስ? ሂሩት ከልጆቹ ጋር ቀረች፤ እኔና ጋሽ ይማም ወደ አልባኒ በረርን።

ሱቁ እሑድ ስለሆነ ሞልቷል። ጋሽ ይማም በሩን ከፍተው፣ ከገዢዎቹ መሐል ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ ይማም እባላለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «ሂሩት የሰጠችሽን እንጉዳይ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ይሆናል። መርዝ ይሆናል። አውፍ በይኝ። በልተሻል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እጅጌያቸውን ሳብ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ቀስ ብለን ወደ ውስጥ ገብተን እንንገራት» አልኳቸው።

«ምኑን ነው ቀስ የምለው? ሞት ቀስ ይላል?»

ዘይነባ የበርበሬውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። «እኛማ… ትንሽ ቀመስ አደረግን እንጂ…» አለች። አሁንም! እኔን እያየችኝ እኮ ነው፤ የሂሩትን ባል ላለማሳፈር መርዝ በላሁ ልትል ነው። ጋሽ ይማም ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ከበላሽው ላድንሽ፤ ካልበላሽው አልቀየምሽም። እውነቱን ብቻ ስጪኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ዓይኗ ዕንባ ሞላ። «አልበላሁም ጋሼ። ማውንቴን ቪው ለሚኖር አንድ ልጅ፣ ለዳዊት ሰጠሁት። ኢንጂነር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ ሊገዛ ይመጣል። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚወስደው።»

«ሁልጊዜ?» አሉ ጋሽ ይማም።

ቆባቸውን አጠለቁና ወጡ።

የዳዊት ስልክ ቮይስሜይል ላይ ይጥላል። መንገዱ ተጨናንቋል። ከኦክላንድ አልፈን ረጅም መንገድ ሄድን፤ እጃቸው እንደልማዳቸው ወደ ኋላ መሄድ አልቻለም፣ ጭናቸው ላይ አጣምረውታል። ድንገት፣ «አምናም ለዘይነባ ነበር የምትሰጡት?» አሉኝ።

የፊቴን መኪና ብቻ እያየሁ፣ «አዎ» አልኩ።

«ካቻምናም?»

«አዎ ጋሽ ይማም።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

አልመለስኩም። አለመመለሴን እንደ መልስ ወሰዱት። «ሂሩት ትወዳለች ብዬ እኮ ትንንሾቹን ከላይ አደርግላት ነበር» አሉ። ሹፌሮች ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፉብኝ ነው መንገዱ እንደተከፈተ ያስተዋልኩት። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌን ብከፍት ግን ደህና አድርጎ የሚዋሽ አፍ ብቻ እንዳለኝ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ዳዊት ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንደሰካ በሩን ከፈተ። ጋሽ ይማም አሁንም ቆባቸውን አወለቁ፣ አሁንም ስማቸውን ተናገሩ፣ አሁንም አውፍ በለኝ አሉ። ልጅ እግሩን እንደዚያ ጎንበስ ብለው ሲለምኑት ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ ዳዊት። «ሶሪ ጋሼ፣ እኔ ማሽሩም አልበላም። ዘይነባን ኖ ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ። ዛሬ ጠዋት ቸርች ለትዕግሥት ሰጠኋት፤ በዲቪ አምና የመጣች ልጅ ናት፣ ሳን ሆዜ። እሷ ሪሊ ትወደዋለች። ሁሌ ትበላዋለች።»

«ትበላዋለች?» አሉ ጋሽ ይማም። ያን ያህል መንገድ አንድ የሚበላ ሰው እንዳይገኝ ሲጸልዩ መጥተው፣ የተገኘች ጊዜ ደግሞ ድምፃቸው ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ። እሳቸውም የሰሙት ይመስለኛል፤ ፊታቸውን አዞሩ።

የትዕግሥት ስልክ ዝግ ነው። ሌሊት አዛውንት ስትንከባከብ አድራ ቀን የምትተኛ ልጅ ናት። ዳዊት አድራሻውን ቴክስት አደረገልኝ። ሳን ሆዜ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከጓደኞቿ ጋር የተከራየችው አፓርትመንት ኮሪደር ላይ ገና ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ሌላውን እኔ አላውቀውም፣ ጋሽ ይማም ግን አወቁት። የሰው ቤት ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው የማያውቁ ሰው፣ ልጅቷ በሩን እንደከፈተች በጭቃ ጫማቸው ምንጣፉን ረግጠው ገብተው ምድጃውን አጠፉት።

«በልተሻል?»

የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች። ግራ ገብቷት እኔንም እሳቸውንም ታያለች። «ኧረ እናንተ እነማን ናችሁ? ገና ነው፤ ጨው ልየው ብዬ ነው የቀመስኩት።»

«ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።»

እሷ አልዋሸችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል በዚያ እንጉዳይ ማንንም ሳትዋሽ ለጋሽ ይማም እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ናት፤ ማንነታቸውንም አታውቅ።

ሆስፒታል አደረስናት። ያልተቀቀሉትን እንጉዳዮች ከነከረጢቱ ይዘናል። ዶክተሯ ይኼን ማን ነው የለቀመው ብላ ስትጠይቅ ጋሽ ይማም ከወንበራቸው ተነሡ። ያን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ የነዱበት አፍ ያን ሰዓት ተሳሰረ፤ «ሚ። ኦንሊ ሚ» ብቻ አሉ፣ ደረታቸውን እየነኩ። እንደተያዘ ወንጀለኛ እጃቸውን ዘርግተው ነው የቆሙት። ዶክተሯ አባብላ አስቀመጠቻቸው፤ እንጉዳዮቹንም እንጉዳይ ለሚያውቅ ሰው ወሰዱለት።

ስንጠብቅ ትዕግሥት አልጋዋ ላይ ሆና እሳቸውን ስታይ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ያ እንጉዳይ ሁልጊዜ ከእርስዎ ነው የሚመጣው?» አለች።

«ከኔ ነው ልጄ። አውፍ በይኝ።»

«እኔ ዳዊት ሱቅ የሚገዛልኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ከመጣሁ እንደሱ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ሌሊት ሥራ ከመግባቴ በፊት እሱን በልቼ ነው የምሄደው።» ትንሽ አሰበችና፣ «ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ይጣፍጣሉ፤ ለምን ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ይማም ሊመልሱላት ፈለጉ። ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እኔ አልተከተልኳቸውም፣ መከተል የሚገባው ሰው አልነበርኩም።

ደግነቱ ነገሩ በጎ ሆነ። ከረጢቱ ውስጥ ያ የተጠረጠረው እንጉዳይ ነበረ፤ ሲመረመር የሚገድለው ሳይሆን የሚመስለው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትዕግሥትንም ለጥንቃቄ አሳድረው አዩዋት፤ ሳትታመም ወጣች። ዜናው እንደደረሰ ሂሩት እልል አለች፣ ዘይነባ አለቀሰች። እኔና ሂሩት ኬክ ይዘን ወደ ታች ወረድን። ጋሽ ይማም ሻይ አቀረቡልን፣ የልጆቹን፣ የሥራውን ደህንነት ጠየቁን። ሂሩት ጉልበታቸውን ልትይዝ ብትል ከወለሉ አነሧት። «አብሽሪ ልጄ። ምን አጠፋችሁ? ማክበራችሁ ነው እኮ» አሉን። በወቀሳ አላሉትም፤ የምራቸውን ነው። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከዚያ በኋላም ጫካቸውን አልተዉም። ዝናብ ባባራ ቁጥር በማለዳ ሲወጡ እንሰማለን። ለትዕግሥት፣ ማሪያ አንድ በአንድ ካየችው በኋላ፣ በባቡርና በአውቶቡስ እየተሳፈሩ ሳን ሆዜ ድረስ ያደርሱላት እንደነበር፣ እሷ ቀቅላ አብረው ቁጭ ብለው ይበሉ እንደነበር የሰማነው ከራሷ አፍ፣ በቀብራቸው ቀን ነው። የኛ በር እጀታ ግን ባዶውን ቀረ። ሂሩት ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ ታየዋለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች።

እኛ ደግሞ፣ ሰው መቼም ጉድ ነው፣ አሁን በእውነት ልንበላው ፈልገን ነበር። ማሪያ ያየችው እንደሆነ ምን ያስፈራል? ያ ክረምት ዝናቡ ያበደበት ነበር፤ ከኮረብታው የወረደው ጎርፍ መንገድ ዘግቶ ሥራ የቀረሁበት ቀን አለ። እንደዚያ ባለ ቀን ጋሽ ይማም ከጫካ ሲመለሱ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ባርኔጣቸው ላይ የጥድ ቅጠል ተጣብቋል። በብብታቸው አንድ የወረቀት ከረጢት ይዘዋል፤ ሲያዩኝ ወደ ኮታቸው ውስጥ አስገቡት።

እንደምንም ደፍሬ፣ «ጋሽ ይማም፣ ዘንድሮ እኮ እንጉዳዩን ረሱን» አልኳቸው።

ፊቴን በትሕትና አዩኝ። ከኮታቸው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘንድሮ የለም ልጄ» አሉኝ። «ዝናቡ አነሰ።»

«ምን ይደረግ» አልኳቸው።